ሥዕል፣ ስእሊ፣ ሱራ፦ የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስልና ስያሜው በከሰላና በገዳሪፍ

የፕሮቴስታንት ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን በ1859–60 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ በአገሪቱ ፎቶግራፍ ካነሡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። በ1862 ለንደን ላይ የታተመው የጉዞ መጽሐፉ ግን የያዘው ቅርጾችን ነው። ፎቶግራፍን ከፊደል ጋር በአንድ ገጽ ማተም ገና አልተለመደም ነበርና ምስሉን ቀራጭ በእጁ ይገለብጠው ነበር።

የቤተ ክርስቲያንን ውስጥ ማንሣት ደግሞ ይበልጥ ይከብድ ነበር። በክብ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎቹ በብዛት የሚገኙት በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ፣ በቅድስቱ በኩል ነው፤ የሚያገኙት ብርሃን ጥቂት ሲሆን ብዙ ጊዜ መጋረጃ ይሸፍናቸዋል። የዘመኑ የመስተዋት ሰሌዳ ኬሚካሉ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። በደረቅ ሰሌዳ ዘመን፣ በ1906 ወደ አክሱም የመጣው፣ በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጓድ ፎቶግራፎች በ1913 ሲታተሙ እንኳ የእጅ ንድፎች አብረዋቸው ነበሩ።

ይህ የእጅና የመሣሪያ ልዩነት በአማርኛ የቃል ልዩነት ሆኗል። ሥዕል ይሣላል፤ ፎቶ ይነሣል፣ ይታጠባል። «ሣለ» የግእዙን «ሠዐለ» ጉሮሯዊ ድምፅ ሲያጣ፣ «ሥዕል» በጽሕፈት ጠብቆታል። «አነሣ» ግን ነባር ግስ ሆኖ አዲስ ፍቺ ተጨመረለት። በትግርኛ «ስእሊ» ለሁለቱም ያገለግላል፤ የዐረብኛው «ሱራ»ም እንዲሁ።

ሦስቱ ልሳናት በከሰላና በገዳሪፍ ይገናኛሉ። ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱነይድባ ሰፍረዋል። ከእነዚህ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ «ስእሊ» ጠፋ ብሎ ቢመሰክር፣ የጠፋው የግድግዳው ሥዕል ነው ወይስ ፎቶግራፉ? ተርጓሚው «ፎቶ» ካለ የቅርስ ጥፋት ከመዝገብ ይወጣል፤ «ሥዕል» ካለ ያልነበረ ጥፋት ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ መዝጋቢ የተናጋሪውን ቃል በራሱ ቋንቋ አስፍሮ፣ በእጅ የተሠራ ወይም በመሣሪያ የተነሣ መሆኑን ጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ መተርጎም ይገባዋል።