ሐኪሙ የሚያየውና ሕመምተኛው የሚያየው፦ የማኩላ ምርመራ ታሪክ

ማኩላ በዓይን ጀርባ በተነጠፈው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ማለትም በሬቲና መካከል የሚገኝ ጠባብ ስፍራ ሲሆን፣ ፊደል ለማንበብና የሰውን ፊት ለመለየት የሚያስችለው ጥርት ያለ እይታ የሚገኘው ከዚሁ ነው። ይህ ስፍራ ሲታመም ዳር ዳሩ እየታየ መካከሉ ይደበዝዛል፤ ቀጥ ያለው መስመርም ጠማማ መስሎ ይታያል።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሐኪም በሕይወት ያለ ሰው ሬቲና ማየት ይቸግረው ነበር፤ ወደ ብሌኑ ሲጠጋ የገዛ ራሱ ጭንቅላት ብርሃኑን ይጋርድበታልና። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 ያስተዋወቀው ኦፍታልሞስኮፕ ብርሃኑን በመስታወት አንጸባርቆ ወደ ዓይን እያስገባ፣ ተመልካቹ በዚያው መስመር እንዲያይ በማድረጉ ይህ ችግር ተወገደ። ሆኖም የሬቲናው መልክ ስለ እይታው መጠን የሚናገረው ጥቂት ነው። እይታውን በቁጥር ለመግለጽ የበቃው ኔዘርላንዳዊው ኸርማን ስኔለን በ1862 ያወጣው፣ ፊደላቱ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱበት ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዡ ግን የተጎዳው ስፍራ የትኛው እንደሆነ አይጠቁምም፤ ዓይኑን ዘወር አድርጎ በጤናማው ዳር ማንበብ የለመደ ሕመምተኛም ጉዳቱን ሊሸፍንበት ይችላል። ስዊዘርላንዳዊው ማርክ አምስለር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሰራጨው ወረቀት ይህን ጉድለት በእጅጉ አቃለለ፤ ወረቀቱ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ካሬዎች የተከፋፈለና መካከሉ ላይ ነጥብ ያለበት ነው። ሕመምተኛው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ወረቀቱን በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ይዞ ነጥቡን እያየ፣ መስመሮቹ የጎበጡበትን ወይም የጠፉበትን ቦታ ያመለክታል። ኤሌክትሪክም ሆነ መሣሪያ የማይፈልግ፣ ሕመምተኛውንም በቤቱ የራሱ መርማሪ የሚያደርግ በመሆኑ፣ በዋጋው ርካሽነት ሊናቅ የማይገባው ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን አንጎል የጎደለውን ሥዕል በራሱ የመሙላት ጠባይ ስላለው አንዳንዱን ጉዳት ያሳልፋል።

በሕክምና ተማሪነታቸው ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ በ1961 ያሳተሙት ዘዴ፣ ፍሎረሲን የተባለ አንጸባራቂ ቀለም በክንድ ደም ሥር ሰጥቶ ቀለሙ በሬቲና የደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ፎቶግራፍ ማንሳትን አስተዋወቀ። በ1991 ደግሞ የብርሃንን መደራረብ እየለካ የሬቲናን ንብርብሮች ዓይን ሳይነካ እንደ ተቆረጠ ገጽ የሚያሳየው ኦሲቲ ይፋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ማይክሮፔሪሜትሪ የዓይንን እንቅስቃሴ እየተከታተለ በተመረጡ የሬቲና ነጥቦች ላይ ብርሃን በማሳረፍ፣ የሕመምተኛውን መልስ ከሬቲናው ሥዕል ጋር ያጣምራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ማኩላውን ያሳበጠው ፈሳሽ በሕክምና ደርቆ ኦሲቲው ላይ ማኩላው ቀድሞ ወደነበረበት ውፍረት የተመለሰለት ሰው፣ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ አስቀድመው ሞተው ከሆነ፣ በስኔለን ሰንጠረዥ ፊት ያንኑ ትልቁን ፊደል ብቻ ሊያነብ ይችላል።