የተቆላ ቡና አይበቅልም

በአገራችን ኮምፒውተር ሲታመም መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ፎርማት። ድምፅ አልሰማ አለ? ፎርማት። ፕሪንተሩ አልታዘዝ አለ? ፎርማት። የሠፈር ጥገና ቤት ገብታችሁ «ምን ሆኖ ነው?» ብትሉ «ቫይረስ ነው» ትባላላችሁ። ከዚያ ፎቶዎቻችሁን ተሰናብታችሁ፣ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። ችግሩ ምን እንደነበር ግን እናንተም ጠጋኙም ሳታውቁት ትለያያላችሁ።

ዛሬ የምናወራው የዚህ ልማድ ተቃራኒ ስለሆነ ታሪክ ነው፤ ስለ ሊኑክስ፣ ስለ ከርነሉና ስለ ድራይቨሮቹ። ታሪኩን የምናየው ደግሞ ከሲሊከን ቫሊ ሳይሆን ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ሆነን ነው። ለምን እዚያ? ምክንያቱም የዚህ ነገር ቁም ነገር ከቡና አገር ሆኖ ላየው ሰው ቶሎ ይገባል።

መጀመሪያ ትንሽ ማብራሪያ። ከርነል ማለት የሲስተሙ እምብርት ነው፤ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ፕሮሰሰሩን የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ድራይቨር ደግሞ አስተርጓሚ ነው። ከርነሉ «ይህን ገጽ አትም» ሲል፣ ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ድራይቨሩ ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ሁለቱ እንደ መንገደኛ ይተላለፋሉ።

ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው እንቅስቃሴ ራሱ የተነሣው ከዚሁ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር ይሠራ ነበር። የድሮው ፕሪንተር ወረቀት ሲቀረቀርበት ለሰዎቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ሶፍትዌሩን አሻሽሎት ነበር። አዲስ የዜሮክስ ፕሪንተር ሲመጣ ግን ሶፍትዌሩ ያለ ምንጭ ኮዱ መጣ። ስቶልማን ኮዱን ከያዘ ሰው ቢጠይቅም ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል ጀመረ።

ይኸውላችሁ የቡናው ምሳሌ። ምንጭ ኮዱ ሳይኖር የሚሰጥ ድራይቨር የተቆላ ቡና ነው። ትፈጩታላችሁ፣ ታፈሉታላችሁ፣ ትጠጡታላችሁ። ብትተክሉት ግን አይበቅልም። ምንጭ ኮድ ዘሩ ነው። ዘሩን የያዘ ሰው ለራሱ አፈር፣ ለራሱ ዝናብ እንዲስማማ አድርጎ ያለማዋል።

ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ጊዜው የስልክ ሞደም ዘመን ነበር፤ ያ የሚንጫረረው ድምፅ ትዝ ይላችኋል? በዚያው ሰሞን አምራቾች «ዊንሞደም» የሚባል ርካሽ ሞደም አመጡ። የሞደሙን ሥራ አብዛኛውን ወደ ኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር አሸክመው፣ ሶፍትዌሩን ለዊንዶውስ ብቻ ሰጡ። ሊኑክስ የጫነ ሰው ሞደሙ ዓይኑ ሥር ተሰክቶ እያለ መደወል አቃተው። ዋይፋይ ሲመጣም ታሪኩ ተደገመ። የብሮድኮም ካርዶችን ድራይቨር ፈቃደኞች የካርዱን ጠባይ እየመረመሩ ራሳቸው ጻፉት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ኩባንያው የራሱን ክፍት ድራይቨር የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

የፈቃደኞቹ ድራይቨርም ቢሆን አንድ ቀዳዳ ነበረው። ካርዱ የሚነሣበት «ፈርምዌር» የሚባል ትንሽ ፋይል በሕግ ምክንያት ከሲስተሙ ጋር ስለማይታደል፣ ከኢንተርኔት መውረድ ነበረበት። ልብ በሉ፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋዩ ያስፈልጋል፣ ዋይፋዩ እንዲሠራ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ቦሌ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ የግማሽ ሰዓት ብስጭት ነው፤ ጎረቤት ካለው ካፌ ገብቶ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቴፒ ለተቀመጠ ሰው ግን የተዘጋ በር ነበር።

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ግብርናው ሚዛን፣ ኮምፒውተሩ ቴፒ ካምፓስ ሆነ። ቤበቃና ቴፒ የቡና እርሻዎች ባሉበት አካባቢ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚማር ወጣት መጣ ማለት ነው። ደግነቱ በዚያ ዘመን ኡቡንቱ ሲዲውን በነጻ እስከ ፖስታ ሣጥን ድረስ ይልክ ነበር፤ ይህ አገልግሎት የቆመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሲስተሙ በፖስታ ይመጣል። የጎደለችው አንዲት ፋይል ግን በፖስታ አትመጣም።

ከዚያ የዩኤስቢ ሞደም መጣ። ቴሌ እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር ከተዋዋለ በኋላ የሲዲኤምኤ ኔትወርክ ተዘረጋ፤ ሽቦ ሳይጎተት ኢንተርኔት! እንዲህ ያሉ ብዙ ሞደሞች ግን አንድ ተንኮል ነበራቸው። ሲሰኩ መጀመሪያ «እኔ ሲዲ ነኝ» ይላሉ፤ ውስጡ ያለው የዊንዶውስ ድራይቨር ነው። ዊንዶውስ ድራይቨሩን ጭኖ ወደ ሞደምነት ይለውጣቸዋል። ሊኑክስ ደግሞ በየዋህነት «ሲዲ ነው» ብሎ ይቀበላል። ይህን የፈታው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ናት። ፈቃደኞች ዊንዶውስ ለሞደሙ የሚልከውን መልእክት አዳምጠው ያንኑ ለሊኑክስ አስተማሩት።

እንዲህ ያለውን ችግር ለማወቅ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። መሣሪያው ይታያል? «ኤልኤስዩኤስቢ» ወይም «ኤልኤስፒሲአይ» ይመልሳል። ድራይቨሩ ተነሥቷል? «ኤልኤስሞድ» ይናገራል። ተነሥቶ ምን ብሎ አማረረ? «ዲሜሴጅ» የከርነሉን ማስታወሻ ያነብላችኋል፤ የጎደለውን ፋይል በስሙ ጠርቶ። ከርነል በማደስ ላይ ሳለ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ አልነሣ ቢልም፣ አሮጌው ከርነል ካልጠፋ ከመነሻው ዝርዝር ላይ እሱን መርጦ መግባት ይቻላል። እዚህ ውስጥ ፎርማት የሚባል ነገር የለም።

ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የተወሰደ የጌሻ ቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር አንደኛ ወጥቶ ዓለምን አስደነቀ። ዘር ስለነበረ በቀለ። ግን ወደ መጣበት ጫካ «ያሻሻልነው ይኸው» ብሎ እንዲመልስ የሚያስገድድ ውል አልነበረም። ሊኑክስ የሚሠራጭበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ አሻሽለህ ካሠራጨህ፣ ምንጭ ኮዱንም ለተቀባዩ ስጥ ይላል። የጌሻ ገበሬ ይህን አንቀጽ ያለ ጠበቃ ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል። ኤንቪዲያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 የከርነል ሞጁሎቹን ኮድ ከፈተ። ዴቢያን በዚያው ዓመት ድምፅ ሰጥቶ፣ ከ2023 ጀምሮ ብዙ ፈርምዌሮችን ከመጫኛው ጋር ማደል ጀመረ። ለውጡ የመጣው ግን «ለምን አልሠራም?» ብለው መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያነበቡ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ጠጋኝ ላፕቶፓችሁን ተቀብሎ «ፎርማት ነው» ሲላችሁ፣ በትሕትና አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ ስህተቱ ምን ይላል?»