ሊን ኋይት ያላነበበው ድጓ፦ የክረምት ዜማና የአካባቢ ሥነ ምግባር ከሲሪንቃ ሲታይ

የታሪክ ምሁሩ ሊን ኋይት እ.ኤ.አ. በ1967 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ለአካባቢ ቀውስ ክርስትናን፣ በተለይም የምዕራቡን፣ ተጠያቂ አደረገ፤ መድኃኒት ብሎም ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚን ለሥነ ምህዳር ባለሙያዎች ጠባቂ ቅዱስነት አጨ። ለጽሑፉ የተሰጠው መልስ ብዙ ስለሆነ አልዘረዝረውም። በአገራችንም ወርቅነህ ቀልቤሳ የኦሮሞን አስተሳሰብ፣ ዓለማየሁ ዋሴ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በሚገባ አጥንተዋል። የእኔ ክርክር ከኋይት ጋር ነው፤ የምሥራቁን ክርስትና ሲያነሣ ግሪክ ላይ ቆሞ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓን ሳያይ ፈረደ።

ዛሬ በእጃችን ያለው ድጓ በሙሉ የአንድ ሰው ድርሰት ነው ማለት ይከብዳል፤ ትውፊቱ ግን ለ6ኛው ክፍለ ዘመኑ ያሬድ ይሰጠዋል፣ እኔም በዚሁ እሄዳለሁ። ክረምቱ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 በየክፍሉ ይዜማል። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕር፣ የአፍላግና የጠል ነው። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶችና የፍጥረት ሁሉ ዓይን ምግባቸውን ከፈጣሪ ይጠብቃሉ። መሠረቱ መዝሙረ ዳዊት ነው። ከመዝሙር ጥቅስ አንሥቶ ለቁራ ጫጩት በዓመቱ ውስጥ ሳምንታት መመደብ ግን የዚህ ሥርዓት የራሱ ድፍረት ነው። ፍራንቸስኮስ ለወፎች ሰበከ ይባላል፤ ያሬድን ግን፣ እንደ ትውፊቱ፣ ዜማ ያስተማሩት ሦስት ወፎች ናቸው። ሰው በድጓው ገዥ አይደለም፣ እንደ ፍራንቸስኮስም የፍጥረት ወንድም ብቻ አይደለም፤ ከቁራው ጋር አብሮ የሚለምን ችግረኛ ነው። ኋይት ያጣው ይህን ነበር።

በወሎ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሲሪንቃ ይህን ልመና በሥራ ታውቀዋለች። እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን ሲፈልግ የኖረው ዝናቡ ማሽላው ሳይደርስ ስለሚያቋርጥ ነው፤ ነሐሴ የፍርድ ወር ነው። በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ረሃብ ወሎ አይረሳም። ሲሪንቃ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ በወንጭፍ እንደሚያባርር አውቃለሁ። ቢሆንም ማሳን መጠበቅ የወፍን እንጀራ መካድ አይደለም፤ ለፍጥረት መራራትን ብቻ ሥነ ምግባር ያደረገው የከተማ ሰው ነው።

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብልኛል። አንደኛው፣ የሀብሩ ሰው ብዙው ሙስሊም ነው፣ ድጓውም በግእዝ ነው የሚል ነው። እኔ የማነሣው ማን ያደምጠዋል ሳይሆን ምን ይላል ነው፤ የወሎ መንዙማ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። ሁለተኛው፣ አካባቢው በበልግ ዝናብም ይኖራል፣ የድጓው የዝናብ ወቅት ግን ክረምት ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን በልግ ከድጓው መቅረቱ የልመናውን ትርጉም አይለውጠውም።

የአካባቢ ሥነ ምግባርን በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምታስተምሩ መምህራን፣ ከኋይት ጽሑፍ በፊት የነሐሴውን ድጓ አስነብቡ።