የሰርቨር ስርዓተ ክወና ሽግግር

የሰርቨር ስርዓተ ክወና ሽግግር አንድ ሰርቨር የሚሰራበትን ስርዓተ ክወና በሌላ ወይም በአዲስ ዕትም ተክቶ፣ በላዩ ያሉትን ድረ ገጾች፣ የኢሜይል አገልግሎትና የመረጃ ቋቶች ወደ አዲሱ የማዛወር ስራ ነው። በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ስራው የባለሙያዎች ክፍል ድርሻ ነው። በማህበራት፣ በነፃ ሶፍትዌር ቡድኖችና በመሳሰሉት ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰሩት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች በትርፍ ሰዓታቸው ስለሆነ፣ ዕቅዱ ከማሽኑ ይልቅ በጊዜና በሰው ላይ ያተኩራል።

ምክንያቱ

እያንዳንዱ የስርዓተ ክወና ዕትም የተወሰነ የድጋፍ ዘመን አለው። ለምሳሌ የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ዕትሞች መደበኛ ድጋፍ 5 ዓመት ነው። ዴብያን ደግሞ ለአንድ ዕትም 3 ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያም 2 ዓመት የተራዘመ ድጋፍ ይሰጣል። ዘመኑ ሲያበቃ ሰርቨሩ ስራውን አያቆምም። የሚቆመው የደህንነት ማሻሻያው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። በውጭ ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር ስለሌለ፣ ብዙ ቡድኖች አደጋውን የሚያውቁት ከደረሰ በኋላ ነው።

የሴንትኦኤስ ምሳሌ

ሴንትኦኤስ ሊኑክስ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ከሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ምንጭ ኮድ የሚዘጋጅ ነፃ ስርዓተ ክወና ነበር። ያለ ክፍያ ረጅም ድጋፍ ስለነበረው በማህበረሰብ ቡድኖች ዘንድ ተወዳጅ ሆነ። በ2014 እ.ኤ.አ. ፕሮጀክቱ በሬድ ሃት ስር ገባ።

ሴንትኦኤስ 8 በሴፕቴምበር 2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እስከ 2029 ድረስ እንደሚደገፍ ይጠበቅ ነበር። ይሁንና በዲሴምበር 8 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ድጋፉ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ፣ ፕሮጀክቱም ወደ ሴንትኦኤስ ስትሪም እንደሚዞር ተገለጸ። በአንጻሩ የቀድሞው ሴንትኦኤስ 7 እስከ ጁን 30 ቀን 2024 ድረስ ቆየ። ስለዚህ ቀድመው ወደ 8 የተሻገሩት ትጉዎች አንድ ዓመት ያህል ብቻ ሲቀራቸው፣ በአሮጌው የቀሩት ከሦስት ዓመት በላይ አገኙ።

ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት ምትኮች ተነሱ። አልማሊኑክስ በማርች 2021፣ ከሴንትኦኤስ መስራቾች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ኩርትዘር የጀመረው ሮኪ ሊኑክስ ደግሞ በጁን 2021 የመጀመሪያ የተረጋጋ ዕትማቸውን አወጡ።

የዕቅድ ደረጃዎች

ቆጠራ፦ በሰርቨሩ ላይ የሚሰራው ሁሉ ይመዘገባል፤ ድረ ገጾች፣ የመረጃ ቋቶች፣ በሰዓታቸው የሚነሱ ትዕዛዞች፣ የምስጠራ ሰርተፍኬቶችና የተጠቃሚ መለያዎች። ብዙ ጊዜ የሚረሱት በሌሊት የሚሰሩ ትዕዛዞች ናቸው።

የሶፍትዌር ተኳኋኝነት፦ ሴንትኦኤስ 7 ይዞት የመጣው ፒኤችፒ 5.4 ነበር፤ አልማሊኑክስ 9 የመጣው ከፒኤችፒ 8.0 ጋር ነው። በፒኤችፒ 7.0 የቀድሞዎቹ የማይኤስኪውኤል ተግባራት ስለተወገዱ፣ በእነሱ የተጻፈ አሮጌ ድረ ገጽ በአዲሱ ሰርቨር ላይ አይከፈትም።

ዘዴ መምረጥ፦ አንዱ ዘዴ ያለውን ሰርቨር በቦታው ማሻሻል ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ከተበላሸ ግን መመለሻው መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ይሆናል። ሌላው ከጎን አዲስ ሰርቨር አቁሞ መረጃውን መገልበጥ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሁለት ኪራይ ቢያስከፍልም፣ አሮጌው ሳይነካ ስለሚቆይ ለበጎ ፈቃደኞች ይመከራል።

ልምምድ፦ መጠባበቂያ ቅጂው በአዲሱ ሰርቨር ላይ ተመልሶ ይሞከራል። ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። ልምምዱ የወሰደው ሰዓት፣ አገልግሎቱ በዋናው ቀን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቋረጥ ያሳያል።

ማዞር፦ የዲኤንኤስ መዝገብ በሌሎች ኮምፒውተሮች የሚቆይበት ጊዜ አስቀድሞ ከ86400 ሰከንድ (አንድ ቀን) ወደ 300 ሰከንድ ይቀነሳል። በዕለቱ አሮጌው ሰርቨር ለንባብ ብቻ ይደረግና የመጨረሻው ቅጂ ይወሰዳል። ይህ ካልሆነ አባላት በሁለቱም ላይ ይጽፉና መረጃው ለሁለት ይከፈላል። አድራሻው የተለወጠ የኢሜይል ሰርቨር ተገላቢጦሽ የዲኤንኤስ መዝገብ ካልተሰራለት መልእክቶቹ እንደ አይፈለጌ መልእክት ሊጣሉ ይችላሉ።

የመመለሻ ገደብ፦ ችግር ቢፈጠር እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ወደ አሮጌው እንደሚመለሱ ቀድሞ ይወሰናል። አባላት በአዲሱ ላይ መጻፍ ከጀመሩ በኋላ መመለስ የተጻፈውን ያሳጣል።

የግዕዝ ፊደልና የመረጃ ቋቶች

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በዕትም 3.0 ነው። ማይኤስኪውኤል ግን እስከ ዕትም 8.0 ድረስ ነባሪ የፊደል ስብስቡ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀው ላቲን 1 ነበር። በዚህ ምክንያት አሮጌ የአማርኛ ድረ ገጾች ሲዛወሩ ሁለት ዓይነት ብልሽት ይታያል። ጽሑፉ የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ከታየ፣ ባይቶቹ ስላሉ ብዙ ጊዜ ሊታረም ይችላል። በጥያቄ ምልክት ከተተካ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፤ መልሶ የሚገኘው ከአሮጌው ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌው ሰርቨር ከመዘጋቱ በፊት የአማርኛ ገጾችን ከፍቶ ማንበብ የዕቅዱ አካል ነው።

ሌላው ችግር የፊደል ተራ ነው። በሊኑክስ መሰረታዊ ቤተ መጻሕፍት ግሊብሲ 2.28 ላይ የቃላት አደራደር ደንብ ተለውጧል። ይህ ዕትም በዴብያን 10 እና በሬድ ሃት 8 ቤተሰብ ውስጥ ይገኛል። የፖስትግሬስ የመረጃ ቋት ፋይሎች እንዳሉ ከተዛወሩ የጽሑፍ ማውጫዎቹ የተሳሳተ ውጤት ሊሰጡ ስለሚችሉ እንደገና መገንባት አለባቸው።

የሰው ድርሻ

የማህበረሰብ ሰርቨር ትልቁ ድክመት የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የጎራ ስሙ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍልና ቁልፎቹ የት እንዳሉ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በሽግግር ወቅት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሙሉ መዳረሻ እንዲኖራቸው፣ የተደረገው ሁሉ በጽሑፍ እንዲቀመጥና የአዲሱ ዕትም ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው እንዲመዘገብ ይመከራል።