አገው፣ አዊ፣ አዋ፦ የአንዲት አጭር ቃል ረጅም መንገድ

በዳንግላና በእንጅባራ ገበያ አንድ ቋንቋ በሦስት ስም ሲጠራ ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪው «አገውኛ» ወይም «አዊኛ» ይለዋል። ባለቤቱ ግን «አውጚ» ይላል። መካከሉ ላይ ያለው በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ በአማርኛ ፊደል ገበታ የለም፤ ለእሱ ሲባል ነው በ«ገ» ላይ ምልክት ተጨምሮ «ጘ» የተቀረጸው። አማርኛ ጸሐፊዎች አንዴ «አውኚ»፣ አንዴ «አውንጊ» እያሉ የሚቸገሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሙ ከየት መጣ? ከአገር ውስጥ ድርሳን በፊት የሚገኘው በግሪክኛ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን ጽሑፍ ገለበጠ። ስሙ የጠፋ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ይዘረዝራል፤ ከእነሱ መካከል «አታጋው» አለ፤ ጥቂት ወረድ ብሎ ደግሞ በረዶ ያለባቸው የሰሜን ተራሮች ይመጣሉ። ኮስማስ በራሱ ዘመን የነበረውንም ጽፏል፦ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎችን ወደ ሳሱ ይልካል፤ በሬ፣ ጨውና ብረት ወስደው ወርቅ ይዘው ይመለሳሉ፤ ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ይፈጃል። እንግዲህ ቃሉ ያን ጊዜም የሕዝብ ብቻ ሳይሆን የአገርና የሹመት ስም ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በዚያው የአዱሊስ ጽሑፍ «አዋ» የሚል ሌላ ስም ይገኛል። «ይኸው አዊ!» ማለት ያጓጓል። ነገር ግን የቢዛንታይኑ መልእክተኛ ኖኖሶስ በዚያው ክፍለ ዘመን «አውኤ»ን ያገኘው ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ፣ 5000 ያህል ዝሆን አየሁ ባለበት ቦታ ነው። ይህ የዓድዋና የየሐ አካባቢ እንጂ የጎጃም ደጋ አይደለም። ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ታሪክ አይዛመድም።

«አገው» እና «አዊ» ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በሁለት አናባቢ መካከል ያለ «ገ» መላላቱ፣ ከዚያም መዋጡ በብዙ ቋንቋ የሚታይ ነው፤ ቃሉን በሁለት አፍ የወጣ አንድ ስም አድርጎ ማየት ከሁሉም የተሻለ መልስ ይመስላል። ግዕዝም የራሱን አክሎበታል፤ «ዛጔ»ን ብዙዎች «ዘአገው»፣ ማለትም «የአገው» ብለው ይፈቱታል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ «ምድር» ተጨምሮበት «አገውምድር» ሆነ። በ1770 ወደ ግሽ የሄደው ስኮትላንዳዊው ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ዳሞት አገው ቋንቋ አስተርጉሟል። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ የሮበርት ሄትዝሮን መጽሐፍ የአውጚን ግስ «ደቡብ አገው» በሚል ስም ለዓለም አስተዋወቀ።

ዛሬ ስሙ ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ የመንግሥት ወረቀት ላይ ገብቷል። በአማራ ክልል ሁለት የአገው አስተዳደሮች አሉ፤ አንዱ አዊ፣ ሌላው ዋግ ኽምራ ይባላል። በሁለቱም መጠሪያ ውስጥ «አገው» የሚለው ቃል የለም። የ1999ኙ ቆጠራ ግን «አገው አዊ» እና «አገው ኽምራ» ብሎ በሁለት መስመር ቆጠራቸው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሕዝብ በአንድ መስመር ሲጻፍና በሁለት ሲከፈል ድምሩ ይለያያል፣ ከድምሩ ጋር የመጽሐፉም፣ የመምህሩም፣ የውክልናውም ጥያቄ ይለያያል። ደግሞም የአዊ ሰው «አዊ» ሲል ራሱን ከአገው ማውጣቱ አይደለም፤ በራሱ አፍ ስሙን መጥራቱ ነው። የጥር 23ቱ ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ የሚሰለፉት «የአገው ፈረሰኞች» ተብለው ነው።

ከከረን ብሊን፣ ከሰቆጣ ኽምጣንጋ፣ ከጎንደር ሰሜን ቅማንትኛ የሚናገር ሰው ዳንግላ ቢመጣ ወሬው አይገባውም፤ ቋንቋዎቹ ተለያይተው ብዙ ዘመን ኖረዋል። አንዱ ሻጭ ግን «ሁለት» ለማለት «ላጛ» ሲል፣ አናባቢው ትንሽ ቢለይ ነው እንጂ፣ አራቱም ሰዎች ስንት እንደተባለ ያውቃሉ።