ነጭ ዝቃጭ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

ሰሞኑን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ የኬሚስትሪ መለማመጃ ጥያቄዎቿን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ነጭ ዝቃጭ ከታየ መልሱ ሰልፌት ነው አይደል?» አለችኝ፡፡ እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ከማትሪክ ወዲህ ኬሚስትሪን ዞር ብዬም አላየሁት፡፡ ጥያቄዋ ግን ከሙያዬ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም፡፡ ፍንጭ ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ ነውና መጽሐፉን አብረን ገለጥን፡፡ ልጆቻቸውን ለፈተና ለሚያዘጋጁ ወላጆች ይጠቅም ይሆናል በሚል ያገኘሁትን እነሆ፡፡

የኬሚካል ትንተና ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ በናሙናው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? መጠኑስ ስንት ነው?

ከመጀመሪያው እንነሳ፡፡ ሰልፌት መኖሩን ለማወቅ ባሪየም ክሎራይድ ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ ይታያል፡፡ ይሁንና ካርቦኔትም ከባሪየም ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሰጣል፡፡ ሐሰተኛ ምስክር ማለት ይኸው ነው፡፡ ስለዚህ አስቀድሞ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመራል፤ አሲዱ ካርቦኔቱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጦ ያስወጣዋል፡፡ በክሎራይድ ምርመራ ግን ከሲልቨር ናይትሬት ጋር የሚገባው ናይትሪክ አሲድ ነው፡፡ እዚህ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የጨመረ ተማሪ ክሎራይዱን ራሱ አስገብቶ ራሱ «አገኘሁ» ይላል፡፡ ፖሊስ ከተጠርጣሪው ኪስ ዕቃ ከትቶ መልሶ ቢያወጣው ማለት ነው፡፡

ብረታ ብረቱን ለመለየት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመራል፡፡ መዳብ (ሁለት) ሰማያዊ፣ አይረን (ሁለት) አረንጓዴ፣ አይረን (ሦስት) ቀላ ያለ ቡናማ ዝቃጭ ይሰጣሉ፡፡ አልሙኒየም፣ ዚንክና ካልሲየም ግን ሦስቱም ነጭ ናቸው፡፡ መስቀለኛ ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሲበዛ የአልሙኒየምና የዚንክ ዝቃጭ ይሟሟል፤ የካልሲየሙ ይቀራል፡፡ ቀሪዎቹን ሁለቱን የሚለያቸው የአሞኒያ ውህድ ነው፤ አሞኒያ ሲበዛ የዚንኩ ይሟሟል፣ የአልሙኒየሙ ይቀራል፡፡

በነበልባል ምርመራም እንዲሁ ነው፡፡ ሶዲየም ደማቅ ቢጫ ነበልባል ይሰጣል፤ ጨው የገባበት የፓስታ ውሃ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ይህ ቢጫ የፖታሲየምን ፈዛዛ ወይን ጠጅ ይሸፍነዋል፡፡ በሰማያዊ ኮባልት መስታወት አሻግሮ ማየት ያስፈለገው ለዚህ ነው፡፡

ወደ መጠን ስንመጣ ዋናው ታይትሬሽን ነው፡፡ 25 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድን ገለልተኛ ለማድረግ 20 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ፈጀ እንበል፡፡ አሲዱ 0.002 ሞል ነው፡፡ አንዱ ሞል ሰልፈሪክ አሲድ ሁለት ሞል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሚፈልግ ቤዙ 0.004 ሞል ይሆናል፤ ለ0.025 ሊትር ሲካፈል 0.16 ሞላር ይመጣል፡፡ እኩልታውን ሳያመጣጥን የሮጠ ተማሪ 0.08 ያገኛል፡፡ ፈታኙም ይህን ስለሚያውቅ 0.08ን ከምርጫዎቹ መሀል አያጣውም፡፡

የፍርድ ቤትና የኬሚስትሪ ዝምድና የእኔ ፈጠራ አይደለም፡፡ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር በመርዝ ግድያ በተከሰሰ ሰው ችሎት ላይ ኬሚስቱ ጄምስ ማርሽ አርሰኒክ መኖሩን የሚያሳይ ቢጫ ዝቃጭ አግኝቶ ነበር፡፡ ዝቃጩ ግን ዳኞቹ ዘንድ እስኪደርስ ተበላሸ፤ ተከሳሹም በነፃ ተሰናበተ፡፡ ማርሽ በዚህ ተቆጭቶ የተሻለ ምርመራ ፈለሰፈ፤ በ1836 ይፋ ያደረገው ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፡፡

ነገሩን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ፡፡ ምክንያቱ ብዙ ነው፡፡ ከቤቴ የማየው አንዱ ግን የልጄ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ መክረሙ ነው፡፡ ያላየችውን ቀለም እንድትሸመድድ ተፈርዶባታል፡፡

ቁልፉን እስኪከፍቱልን ድረስ እኛ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጅተናል፤ ምን ተጨመረ? ምን ታየ? ለምን? ይህንኑ ሊያሳይ የሚችል ሌላ ማን አለ? ውጤት የሚለየው በመጨረሻው ዓምድ ነው፡፡ የእንቁላል ቅርፊት ኮምጣጤ ውስጥ ከትተንም ካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲንተከተክ በዓይናችን አይተናል፡፡

ትናንት ማታ ያንኑ የነጭ ዝቃጭ ጥያቄ መልሼ ጠየቅኋት፡፡ «መጀመሪያ አሲድ ገብቶ ነበር?» አለችኝ፡፡ ለሁሉም ተፈታኞቻችን እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ እመኛለሁ፡፡