ለሃይኪንግ ቀላል የአልኮል ምድጃ እንዴት እንምረጥ?

ባለፈው ወንጪ ስንሄድ ሻይ ያፈላንባትን ትንሽ ጣሳ ያዩ ሰዎች «ይቺ ምንድን ናት? የት ትገኛለች?» እያሉ አላስቀመጡንም። ስለዚህ ጎተራ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ውሃ ስናፈላ፣ ስናቃጥልና (አንዴም ስንቃጠል) የተማርነውን ሰብስበን አመጣንላችሁ።

መጀመሪያ ግን፣ የአልኮል ምድጃ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጋያ ማኅበር የሚባል አገር በቀል ድርጅት ክሊንኩክ የተሰኘውን የስዊድን የኢታኖል ምድጃ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ሞክሮታል። ከዚያ ጅጅጋ አካባቢ ቀብሪበያህ ወዳለው የሶማሌ ስደተኞች ካምፕ ወሰደው፤ እዚያ ሴቶች እንጨት ፍለጋ ርቀው ሲሄዱ ለጥቃት ይጋለጡ ነበር። ለዚህ ሥራው በ2008 እ.ኤ.አ. አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ኢታኖሉ ደግሞ እዚሁ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የሚወጣው ነው። ክሊንኩክ በጀርባ የሚታዘል አይደለም፣ የቤት ዕቃ ነው። ግን አንድ ብልሃት አለው፤ እሱን ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቦርሳችን። በጀርባ ለመያዝ የሚሆኑት በሦስት ይከፈላሉ ብንል አንሳሳትም።

አንደኛው የጣሳ ምድጃ ነው። ከቢራ ወይም ከለስላሳ ጣሳ ይሠራል፣ ከ10 እስከ 20 ግራም ቢመዝን ነው። ሁለት የጣሳ ቂጦች አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባና ዙሪያው በመርፌ ይበሳል። አልኮሉ ሲሞቅ ይተንና በቀዳዳዎቹ እየወጣ እንደ ትንሽ ቡታጋዝ ይነዳል። በመቀስ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ፤ እጃችሁን ካልታመናችሁት ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ልጆች ሥዕሉን ብታሳዩአቸው አያቅታቸውም። ችግሩ ቀላልነቱ ራሱ ነው፦ ድንገት ከረገጣችሁት አበቃ፣ ድስት ከላዩ በደንብ ካልተቀመጠም ይገለበጣል። እሳቱን መቀነስም የለም፤ ወይ ይነዳል ወይ ያልቃል።

ሁለተኛው የነሐስ ምድጃ ነው። በዓለም የሚታወቀው ትራንጊያ የሚባለው የስዊድን ምርት ነው። ማቃጠያው ብቻውን 110 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከጣሳው ይከብዳል፣ ግን ይቆያል፤ እሳት መቀነሻ ቀለበት አለው፣ የተረፈውን አልኮል ዘግቶ የሚይዝ ባለ ክር ክዳንም አለው። ክዳኑን ግን ትኩስ እያለ እንዳትገጥሙት፣ ውስጥ ያለችው ጎማ ትቀልጣለች። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ቢያስመጣው የማይቆጭበት ዕቃ ነው።

ሦስተኛው ውስጡ የሚመጥ ነገር የተሞላ ምድጃ ነው። የክሊንኩክ ብልሃት ይሄ ነው፦ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ቃጫ መሰል ነገር አልኮሉን እንደ ስፖንጅ ስለሚይዘው፣ ምድጃው ቢገለበጥ እንኳ አይፈስም። በዚሁ ሐሳብ የተሠሩ ትንንሽ የጉዞ ምድጃዎች አሉ። ቀስ ብለው ነው የሚያፈሉት። ግን ድንኳን ሰፈር ሰው በሚራወጥበት፣ ጨለማ በሆነበት ቦታ፣ እኛን ብትጠይቁን የምንመርጠው ይሄን ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ትረዳላችሁ።

የአልኮል እሳት ቀን ላይ አይታይም። አይታይም ስንል የምር አይታይም። በረንዳችን ላይ ጠዋት በጠራራ ፀሐይ ስንሞክር ጣሳው የጠፋ መሰለን። ከመካከላችን አንዱ ጠርሙሱን አንስቶ ጨመረ። አልጠፋም ነበር። እሳቱ በሚፈሰው አልኮል ተከትሎ ወደ ጠርሙሱ ወጣ፣ እጁ ላይም ፈሰሰ። በእርጥብ ፎጣ አፍነን አጠፋነው፣ እጁን በቀዝቃዛ ውሃ ለረጅም ጊዜ ያዝነው፤ ሁለት ሳምንት በፋሻ ከረመ። ጠርሙሱ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጽሑፍ የምንጽፈው በሌላ ስሜት ነበር። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ የሚበቃችሁን ለክታችሁ አንዴ ጨምሩ፣ ካለቀ ምድጃው በባዶ እጅ እስኪነካ ድረስ በርዶ ነው የሚጨመረው። በቂ ሙቀት እንዳለ ለማወቅ መዳፋችሁን ከላይ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ዓይናችሁን አትመኑ።

እሺ፣ ምን አልኮል? ፋርማሲ የሚሸጠው አብዛኛው 70 ፐርሰንት ነው፤ 30 በመቶው ውሃ ስለሆነ ብርድ ላይ ለመቀጣጠል ያስቸግራል፣ መጨረሻ ላይም ውሃው ይቀራል። 95 ወይም 96 ፐርሰንት ኢታኖል ካገኛችሁ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም። አረቄማ… ደረቁም ቢሆን ግማሹ ውሃ ነው፣ ለምድጃ አታባክኑት። አይሶፕሮፒል የሚል ከተጻፈበት ይነዳል፣ ግን ድስታችሁን ጥላሸት ያለብሰዋል። ሜታኖል የሚል ካያችሁ ተዉት። ትንፋሹም ቆዳ ላይ መፍሰሱም ጎጂ ነው፣ ጥቂት ጉንጭ ቢጠጣ ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

እና እባካችሁ፣ አልኮል ሃይላንድ ውስጥ አትያዙ! ሌሊት የጠማው ሰው በጨለማ ምን እንደሚያነሳ አያውቅም። ቅርጹ ከውሃ ዕቃ የሚለይ ጠርሙስ ፈልጉ፣ ላዩም ላይ በትልቁ ጻፉበት።

ስንት ይበቃል? ግማሽ ሊትር ውሃ ለማፍላት ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ይፈጃል፣ ጊዜው ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ይሄ ንፋስ በሌለበት ነው። ንፋስ ካለ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከወፍራም ፎይል የታጠፈ መከላከያ ከምድጃው እኩል አስፈላጊ ነው። ሁለት ሰው ሆናችሁ በቀን አራት ጊዜ ግማሽ ሊትር ብታፈሉ ለሦስት ቀን 300 ሚሊ ሊትር ነው፤ 400 ያዙ።

አልኮል በኪሎ ሲመዘን የሚሰጠው ሙቀት የላምባ ወይም የጋዝ 60 በመቶ ገደማ ነው። ሦስት ቀን ድረስ የጣሳው ቅለት ይሄን ያካክሰዋል፣ ሳምንት ከሆነ ግን ጋዝ ያሸንፋል። እኛ አገር ግን ጥያቄው ግራም ላይ አያልቅም። ባለ ክር የካምፕ ጋዝ ጣሳ በየሱቁ አይገኝም፣ አውሮፕላን ላይም ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ስሜን ከሆነ የምትሄዱት ደግሞ ቦርሳችሁን በቅሎ ነው የሚሸከመው፤ መቶ ግራም ለመቀነስ የምትጨነቁለት ምክንያት የለም፣ ጠንካራውን ያዙ።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። ጎተራ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስሜን ውስጥ ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ላይ ወደ 88 ይወርዳል። ውሃው እየፈላ ምስሩ አይበስልም ማለት ነው፣ አልኮላችሁም ያልቃል። ኢንዶሚ፣ አጃ፣ ሻይ፣ ቢበዛ ሽሮ። በሶና ጭኮ ደግሞ ጭራሽ ምድጃ አይፈልጉም፣ አያቶቻችን ይሄን ሁሉ ሂሳብ ሳይሠሩ ጨርሰውታል።

የምታቀጣጥሉት ባዶ መሬት ወይም ድንጋይ ላይ ይሁን። በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ስሜን ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ተደርሷል። የበጋ ጓሳ ሣር ላይ የተገለበጠች 15 ግራም ጣሳ ቀልድ አይደለችም። ስካውቱ «እዚህ አይሆንም» ካላችሁ አትከራከሩ። ድንኳን ውስጥም አታቀጣጥሉ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

በአውሮፕላን ጎንደር የምትሄዱ ከሆነ አልኮሉን እዚያው ግዙ፤ ከ70 ፐርሰንት በላይ የሆነ አልኮል አያሳፍሩም። ምድጃውንም ከመብረራችሁ በፊት አጥባችሁ ሽታው እስኪጠፋ አድርቁት። ስትመለሱ ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈች ካለች ደባርቅ ላይ የመጨረሻ ቡናችሁን አፍሉባት።